ዘጠኝ ነው ያለው?

«አቢ፣ ነይ እስቲ የኋላውን ፀጉሬን አንቺ ቀቢልኝ። ማጅራቴ ላይ ዓይን አላበቀልኩም» አለ አባቷ ከመታጠቢያ ቤት።

«መጣሁ አባዬ፣ አንድ መስመር ቀርታኛለች።»

ውሸቷን ነው። የቀሯት መስመሮች ተቆጥረው አያልቁም። ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከታች የሚያልፈው ማታቱ ሚኒባስ በሙዚቃው መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። አቢግያ የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አድርጋ የኮምፒውተር ክለቡን ሪፖርት ትጽፋለች።

ሥራው ሲያወሩት ያስፈራል እንጂ ቀላል ነው። ክፍት የሥራ ቦታዎችን ሰብስቦ የያዘ አንድ ቱል የሚሉት ፕሮግራም አለ። ቱሉን የሚጠይቀው ግን ሰው ሳይሆን ኤአይ ኤጀንት ነው። አንተ በአማርኛ «ኢምባካሲ አካባቢ የመጋዘን ሥራ አለ?» ትለዋለህ፤ ኤጀንቱ ሄዶ ቱሉን ይጠይቅና መልሱን በአማርኛ ያመጣልሃል። ደላላ በለው፤ ኮሚሽን አይጠይቅም እንጂ። አቢግያና ጓደኛዋ ኢዮስያስ ደግሞ ቱሉ የሚመልሳት እያንዳንዷ ነገር ምን ማለት እንደሆነች ይጽፋሉ፤ ከዚያ ሃያ ጥያቄ ጠይቀው ልክና ስህተቱን ይመዘግባሉ። ከክለቡ ቡድኖች ብዙ ልክ አስመዝግበው አንደኛ የወጡት ሁለቱ በኦገስት ዕረፍት ቱሉን የሠራው ድርጅት ውስጥ ገብተው ይለማመዳሉ። ኢዮስያስ ከወዲሁ «ሃያ ከሃያ» ብሎ ለክለቡ ሁሉ አስወርቷል።

አሥራ ሰባተኛዋ ጥያቄ የአባቷ ነበረች።

አባቷ ወንዳፍራሽ አሥራ አንድ ዓመት ዕቃ የጠበቀበት ሱቅ ከተዘጋ አራት ወሩ ነው። እነዚህን አራት ወራት ቤቱ ውስጥ ያሉትን ወንበሮች ሲጠግን ነው የከረመው፤ ያልተሰበሩትንም ጭምር። ሰኞ ዕለት መጥቶ ከኋላዋ ቆመና «እስቲ ለእኔም ጠይቂልኝ፣ እንደ ቀልድ» አላት። ጠየቀች። ኤጀንቱም መለሰ፦ ኢምባካሲ፣ የካርጎ መጋዘን፣ ስቶር ኪፐር፤ ሐሙስ በ9 ሰዓት በአካል መቅረብ።

«ዘጠኝ ነው ያለው?»

«ዘጠኝ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። ቱሉ ላይ 09:00 ይላል፣ መልሱ ላይ 9። «ልክ» ብላ ምልክት አደረገች።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። «ሽማግሌ አይፈልጉም» አለ። ትናንት የፀጉር ቀለም ገዝቶ ገባ።

«ስምንት ላይ እኮ ደርሻለሁ» አለ አሁን ከመታጠቢያ ቤቱ፣ ለመስተዋቱ ይሁን ለእሷ ሳይለይ። «አንድ ሰዓት ቀድሜ። ፀሐይዋ አናቴን እየበሳችው በር ላይ ቆሜያለሁ። ዘበኛው ብቅ አለና ‹ሙዜ፣ ኢሜሻ› አይለኝም? አልቋል ይለኛል፣ ገና ሰዓቱ ሳይደርስ። ሽበቴን አይቶ ነው።»

ናይሮቢ ውስጥ «ሙዜ» ያልተባለ አባት የለም። እንደ «ጋሼ» ነው፣ የማታቱ ረዳት ሁሉ ይለዋል። ያን ቀን ግን ቃሏ ሽማግሌነት ሆና ወጋችው።

የአቢግያ ጣቶች ግን ሌላ ቃል ላይ ቆሙ። ፀሐይ? ጠዋት ጠዋት ናይሮቢ ሹራብ እንጂ አናት የሚበሳ ፀሐይ የላትም።

ስክሪኑ ላይ ጀምራ የተወቻት መስመር «ሰዓት፦ ቃለ መጠይቁ የሚጀመርበት» ትላለች። ቱሉ ያለው የፈረንጁን ዘጠኝ ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ ሦስት። ኤጀንቱ ሁሉን ወደ አማርኛ ሲመልስ ሰዓቷን እንዳለች ተዋት። አባቷ የሰማው ደግሞ የሐበሻውን ዘጠኝ፣ ከምሳ በኋላ ያለውን። ስዋሂሊ እንኳ እንደ እኛ ነው የሚቆጥረው። መሀል ላይ ቆማ «ዘጠኝ» ያለችው እሷ ናት። እሱ ሸሚዙን ሲተኩስ ሰዎቹ መርጠው ጨርሰዋል።

ኢዮስያስ ጋ ደወለች።

«አሥራ ሰባትን ስህተት ላደርገው ነው።»

«አቦ አታካብጂ። ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። ትርጉሙ ነው እንጂ ቱሉ ምን አጠፋ?»

«ሰውየው ግን ከሰዓት ሄደ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«አባቴ።»

«ፖሌ፣ አይዞሽ» አለ ኢዮስያስ። «ግን እሱ አያውቅም አይደል? ካላወቀ ለምን ትነግሪዋለሽ? በሽበቱ ነው ብሎ ካሰበ ያስብ። ባንቺ ከሚያዝን ይሻላል።»

ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። እሷም በልቧ ይህንኑ ስትለው ነበር።

ስልኩን ዘግታ አሥራ ሰባተኛውን ረድፍ ከፈተች። «ልክ» የሚለውን አጥፍታ «ስህተት» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ጨመረችበት፦ «ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በአማርኛ ለሚጠይቅ ሰው በሐበሻ ሰዓት ተቀይሮ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት ተብሎ መነገር አለበት። አንድ ሰው አምስት ሰዓት ዘግይቷል።»

አነበበችው። ሰኞ የክለቡ ኃላፊ ቲቸር ኬሞይ ያነቡታል፣ ኢዮስያስም ሳይወድ ያነበዋል። የማያነበው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አቢ፣ ደረቀ እኮ።»

ሄደች። አባቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ አቀርቅሯል። ከፊት ያለው ፀጉር ጠቁሮ ሌላ ሰው አስመስሎታል። ከኋላ ግን ያው አባቷ ነው። ቀለም የነከረውን አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ወደ ኋላ አቀበላት።

«ሥሩ ድረስ» አለ። «አሥር ዓመት ቀንሽልኝ።»

ብሩሹን ተቀበለችው። ማጅራቱ ላይ ያሉትን ነጫጭ ፀጉሮች ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ብሩሹን የገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ፣ ዞራ ፊቱን እንድታየው ከፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች።

«ምነው?»

«አባዬ፣ ሰኞ ዕለት ‹ዘጠኝ ነው ያለው?› ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር።»

«አዎ» አለ፣ ጥቁር ጠብታ በግንባሩ እየወረደ። «ዘጠኝ አልሽኝ።»