የነጌ ጭርት

«ያዥው! አፉን ነው ያልኩሽ፤ ጅራቱን ማን ያዢ አለሽ?»

አቶ ያርጋል በአንድ እጃቸው ጨርቅ፣ በሌላው የቲማቲም ቆርቆሮ ይዘው ተንበርክከዋል። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ነው። ለውሻ እከክ ደባርቅ ውስጥ የማያዝዘው ሰው የለም፤ ለየትኛው ውሻ እንደ ሠራ የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

እስከዳር ውሻውን ወደ ደረቷ ሳበችው። ስምንት ወሩ ነው። አፍንጫው ላይ፣ ከግራ ጆሮው ሥርና በፊት እግሩ ጠጉሩ ክብ ክብ እየሠራ ተመልጦ ቆዳው አመድ መስሏል።

«አጎቴ፣ ይልሰዋል እኮ! ቢመርዘውስ?»

«ከሰዎቹ መርዝ የእኔ ዘይት ይሻለዋል።»

ሰዎቹ የሚሏቸው ጎረቤታቸውን ወይዘሮ አገርነሽን ነው። በአጥር ከተጣሉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። አጥሩ አንድ ክንድ ወደ አቶ ያርጋል ግቢ ሲገባ፣ የተቀመጡት ሽማግሎች ለሴትዮዋ ፈረዱ። አቶ ያርጋል ያን ቀን ምንም አልተናገሩም። ቡችላ ባመጡ ጊዜ ግን «ነገ አለ» ብለው ስም አወጡለት፤ ከዚያ ወዲህ ጧትና ማታ አጥሩ ሥር ቆመው «ነገ አለ! ነገ አለ!» እያሉ ይጠሩታል። ጎረቤት እንዲሰማ ነው፤ ይሰማልም። እስከዳር ብቻ አሳጥራ ነጌ ትለዋለች።

ትናንት ደግሞ የወይዘሮ አገርነሽ ትንሿ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ ሲሲ፣ ግንባሯ ላይ ያው ክብ ወጣባት። እናቷ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው «ውሻችሁ ልጄን አስያዘብኝ! እስከ እሑድ ካላራቃችሁት መላውን እኔ አውቃለሁ» አሉ። መላው መርዝ የተለወሰ ሥጋ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ክሊኒክ ልውሰደው» አለች እስከዳር።

«ውሰጂው። የተማረ ሰው የሚያውቀው ‹ተራ ጠብቂ› ማለት ነው።»

የእንስሳት ሐኪሙ ሕሩይ ግን ተራ ጠብቂ አላላትም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የነጌን ጆሮ ገለበጠ፤ ሁለት መዥገር ነቀለ፤ ሆዱን ዳበሰ።

«ይሄ የተነፋ ሆድ ጥጋብ እንዳይመስልሽ፤ ትል ነው። በኪኒን ይወጣል። ቁንጫውን በሳሙና እጠቢለት። ክብ ክቡ ደግሞ ጭርት ነው።»

«ይሞታል?»

«በጭርት? በጭርት የሞተ ውሻ አላየሁም። በተቃጠለ ዘይት የሞተ ግን አይቻለሁ።» ቅባት ሰጣት። «ጧት ማታ፣ ጠጉሩ እስኪመለስ። መኝታውን ፀሐይ ላይ አስጪው፤ እሱን በነካሽ ቁጥር እጅሽን ታጠቢ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ጭርት ከጥጃ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ውሻ፣ ከውሻ ወደ ሰው ይዞራል። እቤት ከሱ ቀድሞ የወጣበት ሰው አለ?»

እጇ ሳታዘው ወደ ሻሿ ሄደ።

«የለም» አለች።

ነጌ አስፋልቱን ሲሻገሩ ገመዱን እየጎተተ፣ ያገኘውን ሁሉ እያሸተተ ሄደ። እሷ አንገቷን ደፍታለች። ለገና ወላጆቿ ዘንድ ተራራው ላይ ጊች መንደር ወጥታ፣ ዓይኑ ዙሪያ አመድማ ክብ ያለበትን ጥጃ ስታቅፍ ነበር የሰነበተችው። ተመልሳ ሳምንት ሳይሞላት ከጆሮዋ ኋላ የሚያሳክክ ነገር ወጣባት። ሻሽ ማሰር የጀመረችው ያኔ ነው። የነጌ ጭርት የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አፍንጫውን አንገቷ ሥር ሸጉጦ ካልሆነ አይተኛም። ሲሲም ብትሆን በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከች ትመጣለች፤ ፀጉሯን የምትሠራት እስከዳር ናት፤ በራሷ ማበጠሪያ።

ሲሲ ደግሞ እህት አላት። መዓዛ ትባላለች፤ ከእስከዳር ጋር ስምንተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ዓመት ቻላቸው የሚባል ልጅ ራሱን ተላጭቶ ጭርቱ ሲታይ፣ «ኧረ እዩት! ካርታ ተሸክሞ መጣ! ይቺ ማዳጋስካር ናት!» ያለችው እሷ ነች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እስከዳርም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቻላቸው እስከ ዛሬ «ጂኦግራፊ» ነው፤ ለሦስት ሰው በተሠራ ዴስክ ብቻውን ይቀመጣል።

አጎቷን ደጃፉ ላይ ቆርቆሯቸውን ታቅፈው አገኘቻቸው። ሻሿን ፈትታ ዞረችላቸው።

አቶ ያርጋል ቆርቆሮውን መሬት ላይ አኑረው፣ ከጆሮዋ ኋላ ያለውን ክብ ጎንበስ ብለው አዩት።

«እኔም ሲወጣብኝ አራተኛ ክፍል ነበርኩ» አሉ። «መምህሩ ወደ ሰሌዳው አወጣኝና በልምጭ ራሴን እየነካ ‹እንዲህ ካለው ራቁ› አለ። ስሙን እስከ ዛሬ በጸሎቴ አልረሳሁትም፤ ልመርቀው ግን አይደለም። ደብተሬን ዴስኩ ውስጥ ትቼ ወጣሁ። አብረውኝ የነበሩት ዛሬ ቢሮ አላቸው።» ሻሹን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው አሰሩላት፤ ጠበቅ አድርገው፣ ሁለቴ ቋጠሩት። «ማንም አላየም። ውሻ እንደሆነ ይወለዳል። ስም አንዴ ከወጣብሽ ግን የሚያወርድልሽ የለም።»

«ሲሲስ? የያዛት ከእኔ ነው።»

«የአገርነሽ ደጅ ሄደሽ ልትናገሪ? የእኔ የእህት ልጅ? ሰኞ መዓዛ ለተማሪ ቤቱ ሁሉ ትነግርልሻለች!»

«ታወራለች» አለች እስከዳር። ነጌ የቆርቆሮውን ጠርዝ ሊያሸት ሲጠጋ ገመዱን ሳበችው። «አጎቴ፣ የእርስዎ በስንት ጊዜ ለቀቀ?»

«ጭርቱ? በወሩ።»

 ቆርቆሮውን አይተው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

እስከዳር ቅባቱን ኪሷ ከትታ ነጌን ይዛ ወጣች። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይሆን በመንገዱ ዞራ፣ የወይዘሮ አገርነሽን የቆርቆሮ በር አንኳኳች። ከኋላዋ የአጎቷን ሳል ሰማች፤ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ ግን አልጠሯትም።

«ማነው?» አለች መዓዛ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ። እትዬን ጥሪልኝ። ሲሲም ትምጣ።»

«ምነው? ውሻውን ነው?»

«አይደለም።»

የእግር ኮቴ ተሰማ። የአጎቷ ቋጠሮ ጠብቆ ነበር። የነጌን ገመድ ክርኗ ላይ አንጠልጥላ፣ በሩ ሳይከፈት በሁለት እጇ ሻሿን መፍታት ጀመረች።