የደብዳቤው ቀን

«ደብዳቤውን ማየት እንችላለን?» አለች ቴሳ ከጁሪዎቹ መሀል።

ተከላካይዋ ማሪት በእጇ የያዘችውን የመክፈቻ ንግግር አገላበጠች። ከጎኗ የተቀመጠው ደንበኛዋ ኮልቢ ጫማውን ማየት ጀመረ። በወጣቶች ፍርድ ቤት ቅጣቱን የሚወስኑት ጁሪዎቹ ራሳቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ ቴሳ ደግሞ ባለፈው ወር እዚሁ ተከሳሽ ሆና የተቀመጠች ልጅ ስለሆነች በቀላሉ አትሸወድም። ከዳኛዋ በስተቀር ከሳሹም፣ ተከላካይዋም፣ ጁሪዎቹም የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን አንጠልጥለው የመጡ ተማሪዎች ናቸው። ቅጣቱ ግን የምር ነው።

ዳኛዋ ሰዓታቸውን አዩና ደብዳቤውን እንድታቀርብ አሥር ደቂቃ ሰጧት።

ኮልቢ ኮሪደሩ ላይ እስኪወጡ እንኳ በጭንቅ ነው የታገሠው። «የምን ደብዳቤ ነው?»

«መስታወቱን በሰበርክ ማግስት ለአቶ ዳል ጻፈ ብዬ ያነበብኩት። የይቅርታው።»

«እኔ? የልደት ካርድ እንኳ እናቴ ናት የምትጽፍልኝ!»

ደብዳቤው እንደሌለ ማሪት የገባት ጥያቄው ሲነሳ ነበር። ትናንት የመረብ ኳስ ልምምዱ አምሽቶባት፣ የኮልቢን መዝገብ ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ሰጥታ የመክፈቻ ንግግር አስጻፈችው። አሳምሮ ጻፈላት። ደብዳቤውን ግን ከየትም አላገኘውም፤ ከራሱ ፈጥሮ ነው የጨመረው። እሷም ጁሪዎቹ ፊት ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንጀት በሚበላ አነጋገር አነበበችው።

ተማሪ ተከላካዮቹን የሚያሠለጥኑት ጠበቃዋ ወይዘሮ ኦስትባይ ማሽኑን አልከለከሉም። እሳቸውም ቢሯቸው ውስጥ ይጠቀሙበታል። አንድ ሕግ ብቻ ነው ያላቸው፦ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ ነገሩ የተገኘበት የመዝገብ ገጽ ቁጥር ይጻፋል። ቁጥር የሌለው መስመር ከአፍ አይወጣም። ማሪት ይህን የአሮጊት ጣጣ አድርጋ ነበር የቆጠረችው። የእሷ ወረቀት ኅዳግ ግን ውጭ ከተከመረው በረዶ እኩል ነጭ ነው።

የኮልቢ ጥፋት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነበር። የገና እረፍት ሊገባ ሲል ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሆኪ ሲለማመድ የችግኝ ቤቱን አንድ መስታወት ሰበረ። ሮጦ ቤቱ ገባና ዝም አለ። የሰሜን ዳኮታ ቅዝቃዜ በቀዳዳው ገብቶ እስኪነጋ መምህሩ አቶ ዳል ከክፍላቸው ጋር ያፈሉትን ችግኝ በሙሉ ገደለው። ከሳሹ የጠየቀው ቅጣት አርባ ሰዓት የጉልበት ሥራ፣ ያውም ግጥሚያ በሚኖርበት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ያ ማለት ለኮልቢ ዘንድሮ ሆኪ የለም።

«ወረቀት ስጪኝ» አለ ኮልቢ። «አሁን እጽፈዋለሁ። ቀኑን ወደኋላ እናደርገዋለን። ጽፎት ነበር፣ አፍሮ ሳይሰጠው ቀረ ትያቸዋለሽ። ማን ያውቃል?»

ማንም። ያ ነው ያስፈራት። እውነቱን ብትናገር ጁሪዎቹ ሌላውንም ሁሉ ውሸት ነው ብለው ንዴታቸውን ልጁ ላይ ይወጡታል፤ ያጠፋችው እሷ፣ የሚቀጣው እሱ። ዝም ብትል ደግሞ የሐሰት ወረቀት ይዛ ልትቆም ነው። በሁለቱም በኩል መውጫ አጣች። ወይዘሮ ኦስትባይ ከኮሪደሩ ጫፍ ተቀምጠው መነጽራቸውን እየጠረጉ ነው። ቀና ብለው እንዳያይዋት ፊቷን አዞረች።

ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችው። ኮልቢ መስኮቱ ደፍ ላይ ተደግፎ እየሳቀ ጀመረ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሳቁ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሳያያት ሰጣት።

«አቶ ዳል፣ መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ብነግርዎ ኖሮ ችግኞቹ ይተርፉ ነበር። ስለፈራሁ ዝም አልኩ።»

ማሪት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብላ ከላይ ቀኑን ጻፈች።

«የዛሬን እኮ ነው የጻፍሽው» አለ ኮልቢ።

«ዛሬ ነዋ የጻፍከው።»

ፊቱ ቀላ። «ቆይ፣ የማን ጠበቃ ነሽ አንቺ?»

«ያንተ» አለችው ደብዳቤውን እየመለሰችለት። «ይቅረብ አይቅረብ አንተ ነህ የምትወስነው። ያላረጋገጥኩትን ማንበቤን ግን እነግራቸዋለሁ። ልጁ አላወቀም፣ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ።»

«አርባ ሰዓቱን ቢፈርዱብኝስ?»

«ሊፈርዱ ይችላሉ» አለች።

በሩ ተከፈተና ተጠሩ። ማሪት የማሽኑን ንግግር ገልብጣ በጀርባው አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፦ «ደብዳቤ አልነበረም፤ ሳላጣራ ያነበብኩት እኔ ነኝ።» የገጽ ቁጥር በሚገባበት ኅዳግ ላይ ስሟን አሰፈረች።

ስትገባ ኮልቢ ከኋላዋ ነበር። ደብዳቤውን ኪሱ አልከተተውም፤ በእጁ ይዞታል።