ዘር የሌላት ወይራ

ኦዳይርን ያወቅሁት ደም ሲተፋ ነው። ሱቃችን ገብቶ ኤምፓዳ፣ ዶሮ የተሞላች ትንሽ የሊጥ ጥብስ፣ አዘዘ፤ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ ጥርሱ ተሰበረ።

«ድንጋይ ነው እንዴ የምትሸጡት?» ብሎ ጮኸ።

«የዚህ የጎያስ አገር ልጅ አይደለህም ማለት ነው» አልኩት እየሳቅሁ። «እኛ ከዶሮው ጋር አንዲት ወይራ ከነዘሯ እንከትታለን። ቀስ ብለህ አኝክ!»

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጣ። እኔም የእሱን ኤምፓዳ ስሠራ የወይራዋን ዘር ማውጣት ጀመርኩ። ሌላ የፍቅር ቃል አልወጣኝም። እሱ በቀስታ ያኝካል፣ ያየኛል።

ከወር በኋላ ማንነቱን ነገረኝ። አባቴን በጩቤ የገደለው ኤልፒዲዮ አጎቱ ነው። ሥጋ ቆራጩ ታላቅ ወንድሜ ጄኔዚዮ ደግሞ «ከዚያ ዘር አንዱ ደጃፌን ቢረግጥ ሆዱን እዘረግፈዋለሁ» እያለ የኖረ ሰው ነው። ፈራሁ፤ ግን አልተውኩትም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጄኔዚዮ ከትሪው እጁ የገባችውን ኤምፓዳ አንስቶ ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ።

«ይቺ ዘር የላትም። ዙልሚራ፣ ለማን ነው?»

 ዓይኔ ጥግ ወደተቀመጠው ኦዳይር ሄደ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለው።

መዋሸት ይችል ነበር። ሞኙ ተነስቶ ቆመ። «የኤልፒዲዮ የወንድሙ ልጅ ነኝ። እህትህን ላገባት እፈልጋለሁ።»

ጄኔዚዮ ጠረጴዛውን ገልብጦ ተወረወረበት። ግድግዳው ላይ አጣብቆ ፊቱን በቡጢ አበላሸው፤ ከዚያ ከወገቡ ቢላ መዘዘ። እኔ የሊጥ መዳመጫውን አንስቼ ባለ በሌለ ኃይሌ የወንድሜን የእጅ አንጓ መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ።

ቢላው ወደቀ። ኦዳይር አነሳው።

ወንድሜ እጁን አቅፎ ተንበርክኳል። ኦዳይር ፊቱ ደም ለብሶ ከላዩ ቆሟል። ዓይኑ የማላውቀው ሰው ዓይን ነበር።

«እሱን ከነካኸው እኔን አታገኘኝም» አልኩት።

«ሊገድለኝ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ። ጣለው።»

«ውጋኝ እንጂ!» አለ ጄኔዚዮ ከታች። «እንደ አጎትህ! ምን ትጠብቃለህ?»

ኦዳይር አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ቢላውን ምድጃው እሳት ውስጥ ወረወረውና ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

ቄሱ ያጋቡን ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ጄኔዚዮ አልመጣም። እኔ ግን ኦዳይርን ያገባሁት ያኔ፣ ቢላው ከእጁ ሲወጣ ነው።