መቶ ሠላሳ በሰማንያ

ልብስ ሰፊው አባት፣ መርፌውን ደረቱ ላይ እንደሰካ፣ የደም ግፊቱን ለመለካት ዝግጁ መሆኑን ለቤተሰቡ በይፋ አስታወቀ። ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። እናት ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

ልጅቱ ግን ታክቷታል። ነገ የባዮሎጂ ፈተና አለባት፤ አባቷም ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚያስተካክለው፣ እሷ በየማታው የምትሞላውን ደብተር አይቶ ነው።

ማሽኑ ክንዱን ጨምቆ ለቀቀ። መቶ ሰባ በመቶ ሁለት።

«ደረጃ ስወጣ ነው የጨመረው» አለ አባቷ። «መቶ ሠላሳ በሰማንያ ብለሽ ጻፊ።»

«ትናንትም ደረጃ ወጥተህ ነበር። ቤታችን ደግሞ ደረጃ የለውም።»

«ዶክተሯ መጣችልን።»

«ሙድ አትያዝብኝ አባዬ፣ ነገ የምፈተነው ነው። እዚህ ማጅራትህ ጋ የአንጎል ግንድ አለ። ግፊቱ ሲጨምር ከአንገትህ ደም ስሮች መልእክት ይደርሰዋል። ያኔ ልብን ‹ቀስ በል›፣ ደም ስሮችን ‹ላላ በሉ› ይላል።»

«ታዲያ ይበላቸዋ። ምን ሥራ አለው?»

«ግፊቱ ከፍ እንዳለ ብዙ ከቆየ ይለምደዋል። ያንኑ እንደ ደህና ቆጥሮ ዝም ይላል።»

«የኔ ምን ያስለምደዋል? ጨው ከተውኩ ሦስት ወር ሆነኝ። እናትሽን ጠይቂያት።»

«አንዲት ቅንጣት አልቀመሰም» አለች እናት፣ ለሽንኩርቱ።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያንን ቦርጫም ደንበኛህን ‹ወገብህ ዘጠና ነው› አላልከውም? ሱሪውን በስንት ቆረጥከው?»

«በመቶ አምስት ነዋ። በዘጠና ብቆርጠው በየት በኩል ሊገባለት ነው?»

«ሐኪሙም ነገ የሚቆርጠው በዚህ ደብተር ነው።»

አባትየው መርፌውን ነቅሎ መልሶ ሰካው። «ማሽኑ ነው የተበላሸው» አለ በመጨረሻ።

«እውነቱን ነው። እስቲ እኔን ለኪኝ» ብላ እናት ለባሏ ለመመስከር ክንዷን ዘረጋች።

መቶ አሥራ ስምንት በሰባ ስድስት። ማሽኑ ጤነኛ ነው።

እናት ተነስታ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳበች፤ ከአዝራሮቹ ሥር ትንሽ የጨው ብልቃጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ለካስ ታውቂ ነበር» አለ ባሏ።

«ማን የሚሞላው መስሎህ ነው?»

ልጅቱ መቶ ሰባ በመቶ ሁለት ብላ ጻፈች። ከዚያ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መቶ ሠላሳ በሰማንያ፤ ሁሉም በራሷ ቆንጆ ጽሑፍ። ማስመሪያዋን አምጥታ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ መሰረዝ ያዘች።