ሦስተኛው ፓነል

ሟቹ የተገኘው በሰርቨር ክፍሉ ወለል ላይ፣ ጀርባውን ለብረቱ መደርደሪያ ሰጥቶ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ነበር። በግራና በቀኙ የተደረደሩት አርባ ማሽኖች አረንጓዴ መብራታቸውን እያርገበገቡ ያለ ፋታ ያጉረመርማሉ። ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። በሠላሳ ዓመት አገልግሎቷ ብዙ ሬሳ ዓይታለች፤ ሥራው ከሞቱ በኋላ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ያልቆመ ሰው ግን አልገጠማትም። ጩኸቱ ጥርሷ ውስጥ የገባ መሰላት። 

«አደጋ ነው ይላሉ» አለ ሃምሳ አለቃው ከኋላዋ። «እሳት ማጥፊያው ጋዝ ነው። አቧራ ቀሰቀሰውና በራሱ ለቀቀ፤ ሰውየው አየር አጣ።»

«ይላሉ» አለች ኢንስፔክተሯ።

በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ በግድግዳ ቁፋሮ ምክንያት የአደጋ ጊዜ ሳይረኑ ስለተነቀለ ማንም ብቻውን እንዳይገባ ያስጠነቅቃል። የጻፈው ራሱ ሟቹ ነበር፤ ምክሩን ለሌላው አድሎ ለራሱ ሳያስቀር ቀረ። ከበሩ ውጪ፣ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ፣ ጋዙን በእጅ የሚለቁበት ቀይ እጀታ አለ። ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። የእጀታው ማኅተም ሽቦ ተቆርጦ፣ ደህና እንዲመስል መልሶ ተጠምዝዟል። ከአጠገቡ ያለው የጋዝ ሳጥን በትንሿ መስኮቱ ላይ ቁርጥ ያለ ቃል ጽፏል፦ በእጅ ተለቀቀ፣ ስድስት ሰዓት ከአርባ። የሳጥኑን ሰዓት ከእጅ ሰዓቷ ጋር አመሳከረች፤ የደቂቃ ልዩነት አልነበራቸውም።

«አቧራ እጅ የለውም» አለች።

ድርጅቱ የሰዎችን ዌብሳይት ተቀብሎ በማሽኖቹ ላይ የሚያሳድር ነው፤ እንግዶቹ ሰዎች ሳይሆኑ ገጾች የሆኑበት ማረፊያ ቤት በሉት። ግማሾቹ ሰርቨሮች በዊንዶውስ፣ ግማሾቹ በሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ይሠራሉ፤ እንደ ጣውንት በአንድ ጓሮ ይኖራሉ እንጂ አይነጋገሩም። ስለዚህ ለየወገናቸው አንድ አንድ ቴክኒሻን ተመድቦላቸዋል። የዊንዶውሱን ሰው ባልደረቦቹ «መስኮት» ይሉታል። የሊኑክሷን ሴት ደግሞ ቀኑን ሙሉ በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ስትጽፍ ስለምትውል «ጥቁር ሰሌዳ» ብለዋታል። ሥራ አስኪያጇ ድርጅቱን አብራው የምትመራ የሟቹ ታላቅ እህት ናት፤ ሠራተኞቹ «እትዬ» ነው የሚሏት።

እትዬ እያለቀሰችም ቢሆን ነገሯን በሥርዓት አስረዳች። ሁለቱን ወገን ከአንድ ገጽ ላይ ለማዘዝ የሚያስችል ፕሮግራም፣ እነሱ «ፓነል» የሚሉትን፣ ሊገዙ አስበው ሦስት አማራጭ ቀርቦላቸዋል። የመጀመሪያው ሊኑክስን ብቻ ያውቃል። ሁለተኛው ሁለቱንም ይችላል፤ ለመማር ግን መከራ ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም እችላለሁ ባይ ነው፤ መልኩም ያማረ፣ ሻጩም አፈ ቅቤ። ወንድሟ ሦስቱን ለመፈተን አንድ ፈሊጥ ፈጥሮ ነበር፤ ለአንድ ሳምንት ቴክኒሻኖቹ ሰርቨር ይለዋወጡ፣ መስኮት የሊኑክሶቹን፣ ጥቁር ሰሌዳ የዊንዶውሶቹን በፓነል ብቻ ያስተዳድሩ አለ። የማያውቀውን ሰው ካልመራ ፓነል ምን ይረባል ባይ ነበር። በዚህ ቀን አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቨር ክፍሉ ገብቶ፣ አንድ ስም ይዤ እስክወጣ ድረስ ማንም እንዳያንኳኳ ብሎ ዘጋ።

«እኔም አላንኳኳሁም» አለች እትዬ። «አስር ሰዓት ሆኖ እንኳ አልወጣም። ያንን ነዝናዛ የጥርስ ሐኪም ገና በስልክ ሸኝቼ፣ ዌብሳይቱን ዛሬውኑ ካልከፈታችሁልኝ ብሎ ሲያደርቀኝ ለመስኮት አስተላልፌ፣ ለወንድሜ ሻይ ይዤ ሄድኩ። ሻዩን ይዤ ነው ያገኘሁት።»

የማንን እጅ እንደምትጠረጥር ስትጠየቅ አላመነታችም። ጥቁር ሰሌዳ ጠዋት በሰው ሁሉ ፊት ሦስተኛውን ፓነል የገዛህ ቀን ሁላችንንም ገደልከን ብላ ጮኻበታለች። ይህንኑ እትዬ ቀድማ ለፖሊስ አዛዡ ደውላ ነግራዋለች፤ አዛዡም በተራው ለኢንስፔክተሯ ደውሎ፣ ሴትየዋ ሳይመሽ ጣቢያ ትግባ አለ። መኪና ተልኳል።

ሻጩ ምሳውን ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ከእትዬ ጋር ፊት ለፊት ባለው ምግብ ቤት መብላቱን ሃምሳ አለቃው ከአስተናጋጇ አረጋገጠ። አስተናጋጇ ሰውየውን ለመርሳት አልቻለችም፤ ለእሷም ፓነል ሊሸጥላት ሞክሮ ነበርና። ፎቁን በዚያ ሰዓት ያልለቀቁት ሁለቱ ቴክኒሻኖች ብቻ ነበሩ።

መስኮት የሚጠየቀውን እንኳ እስኪጨርሱለት አልጠበቀም። ፀጉሩ የተበጠረ፣ ጠረጴዛው የተጠረገ ሰው ነው። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት የት እንደነበር ስትጠይቀው ስክሪኑን ወደ እርሷ አዞረላት።

«እኔ ምን አስወራኝ፣ ኢንስፔክተር። ሦስተኛው ፓነል የሁላችንንም ሥራ በአንድ ዝርዝር ይመዘግባል። ይኸው ያንብቡት።»

አነበበችው። በእርሱ ስም፣ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ፣ ልክ በስድስት ሰዓት ከአርባ፣ አዲስ ዌብሳይት ተከፍቷል፤ የጥርስ ሐኪሙ። በጥቁር ሰሌዳ ስም፣ በዊንዶውስ ሰርቨሮቹ ላይ፣ ከስድስት ሰዓት ከአሥር እስከ ሰባት ተኩል አንዲት ፊደል እንኳ የለም።

«በዚያ ደቂቃ ይህንን ነበር የምትሠራው?»

«እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር። የሐኪሙን ስም ስጽፍ ትዝ ይለኛል።»

ኢንስፔክተሯ አመስግናው ወጣች፤ ልቧ ግን አልረጋም። በመተላለፊያው ላይ እስከ ጫፉ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ሃምሳ አለቃው እግሯን እያየ፣ ነገሩ እኮ አለቀ፣ አንዱ ጽሑፍ አለው ሌላዋ የላትም አላት።

«ምሳ ሰዓት ላይ የት እንደነበርክ በደቂቃ ታውቃለህ?» አለችው።

«በደቂቃ? ምን በላህ ቢሉኝ እንኳ አስቤ ነው።»

«እኔም።»

ጥቁር ሰሌዳ በስብሰባ ክፍሉ ጥግ ሻርፗን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት አይነሳም። የሰባት ወር ሕፃን ጎረቤት ትታ መምጣቷን፣ ልጁ ጡጦ እንደማይቀበል፣ ከረፋዱ ጀምሮ እንዳልጠባ የተናገረችው ሁለት ጊዜ ከተጠየቀች በኋላ ነው። ጡቷ ሞልቶ ሻርፑን አርሶት ነበርና እንዲታይ አልፈለገችም። በምሳ ሰዓት የት ነበርሽ ለተባለው ወደ ጣሪያው በሚወስደው ደረጃ ላይ ተኝቼ ነበር አለች።

«ደረጃ ላይ?»

«ሌሊት ልጄ አያስተኛኝም፣ ኢንስፔክተር። የኮንክሪት ደረጃ ለእኔ ፍራሽ ነው። ያየኝ ሰው የለም፤ ቢኖርማ ቀስቅሶ ይሳለቅብኝ ነበር።»

ከዚያም ጣቢያ ከሄደች ልጇን ማን እንደሚያጠባው ጠየቀች።  ኢንስፔክተሯ በሟቹ ላፕቶፕ ሥር የተገኘችውን ቁራጭ ወረቀት አወጣች። በላይዋ ሦስቱ ፓነሎች ተዘርዝረዋል፤ በሁለተኛው አጠገብ የትክክል ምልክት፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ የስረዛ መስመር አለ፤ ከመስመሩ ቀጥሎ «የሁለቱን ሰዓት አያስማማም» ይላል።

«ይህ ምን ማለት ነው?»

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከግድግዳው አነሳች። «ተቀበለኝ ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት የጮህኩት በዚህ ምክንያት ነው። የሊኑክስ ሰርቨሮቹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ዓለም ሁሉ በሚጋራው አንድ ሰዓት ነው ያስቀመጥኳቸው፤ ከግድግዳችን ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። የዊንዶውሶቹ ግን በግድግዳችን ሰዓት ነው የሚሄዱት። ደህና ፓነል ሁለቱን አስማምቶ ያሳያል። ሦስተኛው የተሰጠውን እንዳለ ይለጥፋል። ደንበኛ መቼ ምን እንደደረሰበት ሳናውቅ እንጨራረሳለን አልኩት።»

«መስኮት ይህንን ያውቃል?»

«ከየት አውቆ? ስድስት ዓመት ሙሉ ሊኑክስ ነክቶ አያውቅም። እኔ በልቤ ሦስት እየደመርኩ ስለማነብ፣ የማይደምር ሰው ይኖራል ብዬም አላሰብኩ።»

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከመጣች ወዲህ መቀመጧ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ በኋላ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በልውውጡ ሳምንት በዊንዶውስ ሰርቨሮቹ ላይ እንግዳ ነገር አላየሽም ወይ ስትል። ሴትየዋ አይታለች። በድርጅቱ መዝገብ ላይ የሌሉ አሥራ ሰባት ዌብሳይቶች በአንዱ ማሽን ጓዳ ተሸሽገው አግኝታ ለሟቹ ነግራው ነበር፤ እርሱም ተይው፣ እኔ ከከፈታቸው ሰው ጋር እጨርሰዋለሁ ብሏታል። አሁን ይኖሩ እንደሆነ ለማየት ሃምሳ አለቃውን አስከትለው ወደ ማሽኑ ሄዱ።

ሲመለሱ ኢንስፔክተሯ ሁሉንም በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበች። እትዬ ከጠረጴዛው ራስጌ፣ ሻጩ ከናሙና ወረቀቶቹ ጋር፣ መስኮት እግሩን አነባብሮ፣ ጥቁር ሰሌዳ በሩ አጠገብ። ከታች የፖሊስ መኪናዋ ጥሩምባ ሁለቴ ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ጋዙን ሰው በእጁ ለቀቀው» ብላ ጀመረች። «ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ። ይህንን የሚናገረው ሳጥን ከእጄ ሰዓት ጋር አንድ ነው። እትዬና ሻጩ በዚያ ሰዓት ምግብ ቤት ነበሩ። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ምስክር የላትም፣ አንዱ ምስክር አለው። ምስክሩ ሦስተኛው ፓነል ነው።»

ሻጩ ፓነሉ በዓለም ላይ ያለውን ተቀባይነት ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ እትዬ አየችውና ዘጋው።

«እትዬ፣ የጥርስ ሐኪሙ የደወለው ስንት ሰዓት ነው?»

እትዬ ስልኳን ከፍታ አየች። «ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።»

«ከዚያ በፊትስ ደውሎ ያውቃል?»

«ስሙንም ሰምቼ አላውቅ። ዛሬ የመጣ ደንበኛ ነው።»

«እንግዲህ» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ መስኮት ዞራ፣ «ሐኪሙ በዘጠኝ ከሃያ ያዘዘውን ሥራ አንተ በስድስት ከአርባ ሠርተህ ጨርሰሃል። በሠላሳ ዓመቴ እንዲህ ያለ ቀልጣፋ ሠራተኛ አላየሁም።»

መስኮት ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ፓነሉ ተሳስቶ ይሆናል አለ።

«አልተሳሳተም። የሊኑክስ ሰርቨሮቹ ከግድግዳው ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደኋላ ናቸው፤ ፓነሉም ሳያስማማ ነው የሚጽፈው። ሥራውን የሠራኸው እትዬ ካስተላለፈችልህ በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ። ዝርዝሩን ስትከፍት ስምህን ከዚያች ደቂቃ አጠገብ አገኘኸው። ሰማይ የላከልህ መሰለህና የሐኪሙን ስም ስጽፍ ትዝ ይለኛል አልከኝ። ያልደወለ ሰው ስም ትዝ አይልም። ንጹሕ ሰው ሰዓት ሊሳሳት ይችላል፤ ያልሠራውን ሥራ ግን አያስታውስም።»

«ለምን ብዬ ልግደለው?» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ለአሥራ ሰባት ዌብሳይቶች። ስድስት ዓመት ሙሉ ካንተ በቀር የማይገባበት ማሽን ውስጥ የራስህን ሱቅ ከፍተህ፣ ኪራዩን ለብቻህ እየበላህ ኖረሃል። ሁለቱንም ወገን በአንድ ገጽ የሚያሳይ ፓነል ሲመጣ ጓዳህ ተከፈተ። ሟቹ የነገረህ ምን እንደሆነ አላውቅም። አሥራ ሰባቱ ግን ዛሬ ጠፍተዋል፤ በፓነሉ ሳይሆን በራስህ የይለፍ ቃል፣ ከጠረጴዛህ ላይ፣ በስድስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። ይህኛው ማሽን ዊንዶውስ ነው። ሰዓቱ የግድግዳችን ነው። ጋዙ ከተለቀቀ አሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ፣ ሟቹ ከእንግዲህ እንደማያይ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነበር ያለ ፍርሃት ሊያጠፋቸው የሚችል። ጥቁር ሰሌዳም እንዳየቻቸው አልሰማህም ነበር።»

 ከግድግዳው ማዶ የማሽኖቹ ማራገቢያዎች ያጉረመርማሉ።

እትዬ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ በቤተሰብ ድምፅ፣ እንደ ታላቅ እህት ጠየቀችው። «ምን አለህ?»

መስኮት ጠረጴዛውን እያየ መለሰ። «እስከ ማታ ጊዜ ሰጠኝ። ለእትዬ አንተው ራስህ ንገራት፣ እኔ ከነገርኳት ታዝንብሃለች አለኝ። ስለ እኔ ማሰቡ ነበር።» ቆየና «እንድነግርሽ ሁለቴ በርሽ ድረስ መጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ስልክ ላይ ነበርሽ» አለ።

ሃምሳ አለቃው ክንዱን ይዞ አስነሳው። ሻጩ ወረቀቶቹን ሰብስቦ፣ ለማን እንደሚሰናበት ግራ ገብቶት፣ ለግድግዳው እጅ ነስቶ ወጣ።

ጥቁር ሰሌዳ አስቀድማ ቆማ ነበር። በሩ ላይ እትዬ ደረሰችባትና መንገዷን ዘጋች። ይቅርታ ልትጠይቃት ፈልጋ እጇን ያዘቻት። ጥቁር ሰሌዳ ጠበቀቻት፤ ከዚያ መጠበቅ አልቻለችም።

«ሁለቱንም ወገን የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ» አለች። «ነገ መጥቼ አያቸዋለሁ። አሁን ልጄ ርቦታል።»

«አደርስሻለሁ» አለች እትዬ።

ሊፍቱ እስኪመጣ የሚጠብቅ አልነበረም። ኢንስፔክተሯ ከላይ ሆና አዳመጠች፤ ሁለት ጥንድ ጫማ ደረጃውን እየተጣደፈ ይወርዳል፣ አንዱ እየቀደመ፣ አንዱ እየተከተለ። በሦስተኛው ፎቅ ላይ የፊተኛው ጫማ ቆመ። የኋለኛው እስኪደርስበት ጠብቆ አብረው ቀጠሉ።