የሰባተኛው ሥዕል ድንጋይ

ማዬስትሮው፣ ጣልያኑ መምህር፣ የሸምበቆ ዱላውን ሦስተኛው ሥዕል ላይ አሳረፈና «ቬኔዚያ» አለ።

«በውሃ ላይ የተሠራች ከተማ። መንገዷ ውሃ፣ ፈረሷ ጀልባ» አሉ አሥራ ስድስቱ ተማሪዎች ባንድ አፍ።

«ደረቅ መሬት ጠፍቷቸው ነዋ» አለች ሰይዳ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ለዚህ ነው የኛ ያማራቸው።»

አጠገቧ የተቀመጠው ሷሊሕ ሳቁን ዋጠና በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን ታስገርፊኛለሽ።»

«አንተ ሳቅህን ቻል። እኔ ምን አደረግኩ?»

ዱላው ወደ አራተኛው ሥዕል አለፈ። ያዘመመው የፒዛ ግንብ ነው። ማዬስትሮው ሰዎች ይህን ለማየት ብቻ ባሕር አቋርጠው እንደሚመጡ ሲናገር ዓይኑ ይረጥባል፤ አገሩ ናፍቆታል። ሰይዳ ግን አላዘነችለትም። «የአጎቴ ጎተራ ከዚህ የባሰ አዝምሟል» አለች። «ያየው ሰው ሁሉ ግን አቅኑት ነው የሚለው።»

ሷሊሕ በዚህኛው ሳቁን መቻል አቃተውና ሁለት ዱላ ቀመሰ።

ጣልያን ሸዋ ሮቢትን ከያዘ ሦስተኛው ዓመት ነው። ከመንገዱ ዳር በቆርቆሮ የተሠራችው ክፍል በቀትር እንደ ምጣድ ትግላለች፤ ከተማሪዎቹም ሴቷ ሰይዳ ብቻ ናት። ማንም አላስገባትም፤ ራሷ ናት የገባችው። ዓመት ሙሉ የሎሚ ዘንቢሏን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሰማች። ፊደሉን ከካሚዮን በርና ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ለቀመች። አንድ ቀን ማዬስትሮው በሮማ መካከል የሚያልፈውን ወንዝ ስም ጠይቆ ክፍሉ ሁሉ ሲያቀረቅር፣ ከመስኮቱ ውጭ «ቴቬሬ» የሚል ድምፅ መጣ። ወጥቶ አያትና በጣቱ ግቢ አላት። ዘንቢሏን እንደያዘች ገባች።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ቅዳሜ ከደሴ የትምህርት ተቆጣጣሪ ይመጣል። ሰባቱን ሥዕሎች ከሁሉ አስበልጦ ያብራራ ተማሪ ደሴ ወዳለው ትልቁ ትምህርት ቤት ይወሰዳል። እዚያ መጽሐፍ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል ይባላል። ሰይዳ በሕይወቷ ሙሉ መጽሐፍ በእጇ የያዘችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ነጥቀዋታል። ደሴን የፈለገቻት የተራበ ሰው እህል እንደሚፈልግ ነበር። እንደምታሸንፍም ታውቃለች። መታበይ አይደለም፤ የክፍሉን ልጆች ስለምታውቃቸው ነው።

ሰባተኛው ሥዕል ላይ ማዬስትሮው ብዙ አይቆይም። በአደባባይ መሐል የቆመ ረጅም፣ ባለ ፎቅ ቤት የሚመስል የተጠረበ ድንጋይ ነው። «የሮማ ሐውልት። የሮማ ታላቅነት ምልክት» ይልና ዱላውን ያነሳል።

ሐሙስ ዕለት እንድትለማመድበት ሥዕሉን አዋሳት። ይዛው ወደ እናቷ ሄደች። እናቷ ሩቂያ ከመንገዱ ዳር በግራር ጥላ ሥር ሎሚና አሬራ ለመንገደኛ ትሸጣለች። ጫኙ ደሳለኝ ካሚዮኑ እስኪቀዘቅዝ አሬራውን እየጠጣ ነበር። ሥዕሉን በሰይዳ ጉልበት ላይ ሲያየው ቅሉ ከአፉ ሳይደርስ ቀረ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«የሮማ ሐውልት ነው፣ ጋሼ ደሳለኝ። ከነገ ወዲያ ስለሱ እናገራለሁ።»

«የሮማ» አለና ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ልጄ፣ ይሄን ድንጋይ በዚህ ትከሻዬ ገፍቼዋለሁ። ወድቆ ተሰባብሮ ከኖረበት ከአክሱም አንስተን፣ ቁርጥራጩን በካሚዮን እየጫንን ምጽዋ ድረስ አወረድነው። ስንት ቀን እንደፈጀ አትጠይቂኝ። ከዚያ በመርከብ ሄደ። ቀጥ አድርገው አቁመውታል ለካ።»

«አክሱም የት ነው?»

ደሳለኝ ቀና ብሎ አያት። እናቷም ከአሬራው ጋን ዞር አለች። መንገደኛ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አታውቂም?» አላት። «ነጃሺ የነገሡበት አገር ነዋ።»

የሰይዳ ጆሮ ጋለ። ነጃሺን ታውቃለች። የቁርኣን መምህሯ ሼህ አብዱልመጂድ የነቢዩን ሰሐቦች ተቀብሎ አሳልፌ አልሰጥም ስላለው ንጉሥ ሲያወሩ ስንቴ አልቅሳለች። አገሩ የት እንደሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም፤ ከተረት ውስጥ ያለ አገር መስሏት ነበር። ቴቬሬ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ታውቃለች። የቬዙቪዮ ተራራ መቼ ፈንድቶ ከተማ እንደቀበረ ታውቃለች። በእግር የሚደረስበትን አገሯን ግን አታውቅም። እንዲህ አፍራ አታውቅም፤ ደግሞ እፍረቷ ወዲያው ወደ ንዴት ዞረ።

ደሳለኝ ከሄደ በኋላ እናቷ «ፊትሽን አየሁት» አለቻት። «ቅዳሜ ያሉሽን ትያለሽ።»

«ውሸት ነው እኮ፣ እማ።»

«ድንጋይ ነው። ሄዷል። አንቺ ብትዋሺ ባትዋሺ አይመለስም። አንቺ ግን ደሴ ትሄጃለሽ፤ እንደኔ በአሬራ ጋን ሥር አታረጂም።»

እናቷ እውነቷን ነበር፤ ሰይዳን ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው።

ደብተር ስለሌለ ልጆቹ ለጣልያንም ትምህርት የሚይዙት ከሼሁ ዘንድ ያለውን ሉህ፣ ያንኑ የእንጨት ሰሌዳ ነው። ሰይዳ ዓርብ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ሰባቱን ትምህርት ጻፈችበት። ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ፤ ሼሁ እንዳስተማሩት። ማዬስትሮው ሰሌዳውን አየና ማንበብ ስለማይችል በርቺ ብሎ አለፈ። ሉህ ደግሞ ሕግ አለው። ተማሪ የጻፈውን ለመምህሩ ያሰማል። መምህሩ ሰማሁ ካላለ ሰሌዳው አይታጠብም። ግማሹ ካልተሰማ ሁሉም አልተሰማም፤ እንደገና ይባላል።

ቅዳሜ ተቆጣጣሪው መጣ። ወፍራም ሰው ነው፤ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ከፊት ተቀመጠ። ከጎኑ ለክፍሉ ትምህርቱን ወደ አማርኛ የሚመልሰው ቀጭኑ አስተርጓሚ ቆመ። ተማሪ የቦታዎቹን ስም በጣልያንኛ፣ ማብራሪያውን በአማርኛ እንዲል ተነገረ።

ሷሊሕ ቬኔዚያን ከፒዛ አደባለቀ። ከዚያ ሰይዳ ተነሳች። ስድስቱን ሥዕል እንደ ውሃ አወረደችው። ተቆጣጣሪው መሐረቡን ረስቶ ያያት ጀመር፤ ማዬስትሮውም እንደ ሙሽራ አባት ደረቱን ነፋ።

ሰባተኛው ላይ ደረሰች። ሉሁን ከደረቷ አስጠግታ አነበበች።

«ይህ ድንጋይ የሮማ አይደለም። ከአክሱም በካሚዮን ተጭኖ የተወሰደ ነው። አክሱም ነጃሺ የነገሠበት የኛ አገር ነው። የተወሰደ ዕቃ ባለቤት አለው።»

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በጣልያንኛ፣ ቃል እየመረጠ፣ ልጅቷ ይህን ውብ የሮማ ድንጋይ በዓይኗ ለማየት ትመኛለች አለ።

ተቆጣጣሪው አጨበጨበ። ማዬስትሮውም አጨበጨበ። «ደሴ» አለ ተቆጣጣሪው በጣቱ እያመለከታት።

አስተርጓሚው ዓይኑን ወደ እሷ ወረወረ። በቃ፣ ተቀመጪ የሚል ዓይን ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። መንገድ ከፍቶላታል፤ እሷም ተናግራለች፣ ደሴም ተገኝታለች፣ ማንም አልተጎዳም። ሰይዳ ግማሽ ያህል ተቀመጠች። ሉሁ ከእጇ ላይ ነበር። ማን ሰማው? አለች በልቧ። ልጆቹ ሰምተዋል፤ አማርኛ የማይገባው መምህር ግን አልሰማም። አልተሰማም ማለት ነው።

ተመልሳ ቆመች። ጣልያንኛዋ የመስኮት ሥር ጣልያንኛ ነው፤ ለዚህ ያህል ግን አያንስም።

«ሮማ፣ ኖ» አለች ሥዕሉን እየነካች። «አክሱም። ኖስትራ።» የኛ ማለቷ ነው።

የተቆጣጣሪው እጅ በአየር ላይ ቀረ። ማዬስትሮው ቀላ። ተቆጣጣሪው ይህን ማን እንዳስተማራት በአስተርጓሚው ጠየቃት።

ደሳለኝ ትዝ አላት፤ ስሙን ግን አላወጣችም። «እናንተ» አለች። «ሥዕሉን ያመጣችሁት እናንተ አይደላችሁ?»

ይህችን አስተርጓሚው እንዳለች ተረጎማት።

አልመቷትም። ሰው ፊት ሕፃን መምታት ለተቆጣጣሪው ክብር ሳይከብድ አልቀረም። ሉሁን ይዛ እንድትወጣ ብቻ ታዘዘች፤ ደሴም ሥዕሉን ያደባለቀው ሷሊሕ እንዲሄድ ተወሰነ።

ማታውን ሷሊሕ ደጃቸው መጣ። ጥፋተኛ እሱ ይመስል መሬት መሬት እያየ «አብደሻል» አላት።

«ሂድ፣ መጽሐፋቸውን አንብብ። አንተንም አይበሉህም።»

«እሺ።» ትንሽ ቆመ። «ግን አክሱም በየት በኩል ነው?»

እጇን ወደ ሰሜን ዘረጋች። ከዚያ በላይ የምታውቀው አልነበራትም፤ ይህም አንገበገባት።

እሑድ አስተርጓሚው ሎሚ የሚገዛ መስሎ መጣ። ማዬስትሮው ልኮት ነው። ሰኞ ጧት መጥታ ድንጋዩ የሮማ ነው ብላ በልጆቹ ፊት ከተናገረች ቦታዋ ይመለስላታል፤ የዓመት ሰው ይበላት፣ ደሴም በሚቀጥለው ዓመት ይታሰባል። ሎሚውን መርጦ ሲጨርስ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ብሆን ኖሮ» አለና ሳይጨርሰው ሄደ።

ሩቂያ ሌሊቱን የልጇን ቀሚስ አጥባ አሰጣችው።

ሰኞ ጧት የክፍሉ ደወል ተመታ። ሰይዳ የታጠበውን ቀሚሷን ለብሳ ከግራሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ደወሉ እስኪያበቃ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ሰማችው። ከመንገዱ ዳር አንድ አቧራ የለበሰ ካሚዮን ቆመና አይታው የማታውቀው ሽማግሌ ጫኝ ወርዶ አሬራ ጠየቀ።

ቀድታ ሰጠችው። «አባቴ፣ አገርዎ ወዴት ነው?»

«ጅማ።»

ከአንድ የሲሚንቶ ከረጢት የቀደደችውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ከጅማ ወዲያ ያለው ወንዝ ማን ይባላል?»

«ጎጀብ ነዋ። ለምን ጠየቅሽ?»

ጻፈችው። እናቷ ከጋኑ ጀርባ ቆማ አየቻት፤ አልተቆጣችም።

«ከየት ይነሳል?» አለች ሰይዳ። «ቀስ ብለው ይንገሩኝ። ጊዜ አለኝ።»