ያልተቆጠረው ዙር

መኪናዋ ከቤቱ ጀርባ በአራት ግንዲላ ላይ ቆማለች። ጎማ የላትም። የኋላ ጎማዎቿን የሚያዞረው አክስሏ ተሰብሮ ከወለቀ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው። አባትየው በየሳምንቱ ያስነሷታል፤ እናትየው ድምፁን ሲሰሙ መስኮቱን ይዘጋሉ። አባትየው ከእናትየው ታናሽ ወንድም ጋር ረጅሙን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ያለው በዚህችው መኪና ነው። አባትየው በሕይወት ወጡ፤ ወንድምየው አልወጣም።

ልጃቸው ከቁልቁለቱ ግርጌ ባለ ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አገኘች። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብላ የደም ሴሎች ትቆጥራለች። አውቶቡሱ ከሥራ ሰዓቷ ጋር አልገጥም ሲል አባትየው መኪናዋን አሠርተው ሊሰጧት ቆረጡ። እናትየው አኮረፉ።

የመጣው መካኒክ ወጣት ነው። ጋራዥ ውስጥ «ድገመው» ይሉታል። ብሎን አጥብቆ ከሄደ በኋላ ተመልሶ የሚነካካ፣ የለካውን እንደገና የሚለካ ሰው ነው። ልጅቱ ከሥራ ስትመለስ ከመኪናዋ ሥር ሁለት እግሮች አየች።

«የሚነዷት እርስዎ ነዎት?» አለ ከሥር።

«እኔ ነኝ። ታስፈራለች?»

«እሷ አታስፈራም። የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው።»

«ሌላ መካኒክ ቢሆን አይዞሽ ይለኝ ነበር።»

«አይዞሽ ፍሬን አይሆንም።»

ሳቀች። እሱ ከሥር ወጥቶ ቀና ሲል ገና ፈገግታዋ አልጠፋም ነበር። በእጁ የያዘውን መፍቻ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

ያን ዕለት ለአባትና ለልጅ ነገሩን አስረዳ። ቁልቁለት ላይ መኪናን የሚይዘው ፍሬን ብቻ አይደለም፤ ሞተሩም ነው። በኋላው አክስል ውስጥ ያለው ጥርስ ዝግተኛ ከሆነ ጎማው አንድ ሲዞር ሞተሩ ብዙ ይዞራል፤ እግር ከነዳጁ ሲነሣ መኪናዋን ወደ ኋላ ይጎትታታል። ፈጣን ከሆነ ሜዳ ላይ ትበራለች፣ ቁልቁለት ላይ ግን የሚይዛት የለም።

«የተሰበረው ፈጣኑ ነበር፤ ዝግተኛው ይሻላል» አለ።

«የምትሠራልኝ መኪና ነው ትራክተር?» አሉ አባትየው።

«ትራክተር ገደል ሲገባ አይቼ አላውቅም፣ አባባ።»

አባትየው ዓይናቸውን ወደ መኪናዋ መለሱ። ድገመው የተናገረውን ነገር ዘግይቶ ተረዳውና እስከ አንገቱ ቀላ።

አንድ የድሮ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ለመኪናዋ የሚሆኑ ሁለት አክስሎች ተገኙ። አንዱ ዝግተኛ፣ አንዱ ፈጣን ነው፤ ከውጭ ሲታዩ ግን መንታ ናቸው። ቁጥራቸውን ዝገት በልቶታል። ነጋዴው «ከፈታችሁት ገዛችሁት» ስላለ ውስጣቸውን ማየት አልተቻለም። መለያው መቁጠር ብቻ ነው፦ አንደኛው ጎን በሽብልቅ ይታሰራል፣ በሌላኛው ጎን ያለው ቸርኬ ሃያ ጊዜ ይዞራል። ከሞተሩ ኃይል የሚቀበለው መሐለኛው ጫፍ በዚያ ጊዜ አርባ አምስት ከዞረ ዝግተኛው ነው፤ ሠላሳ አምስት ከዞረ ፈጣኑ።

ድገመው በዚህም ልማዱን አልተወም። ሁለት ሰው በልቡ ይቆጥራል፣ ሲያበቃ ያመሳክራል።

«መቁጠር ሥራዬ ነው» አለችው አብራ የመጣችው ልጅ።

«ለዚያ ነው የመረጥኩዎት።»

ነጋዴው የአንደኛውን አክስል ቸርኬ ማዞር ጀመረ። ሁለቱ ከመሐለኛው ጫፍ ግራና ቀኝ ቁጢጥ አሉ፤ በጠመኔ የተሠመረችው መስመር በመካከላቸው ትመጣለች፣ ትሄዳለች። አንገታቸውን ደፍተዋል። አንድ ጊዜ እሷ ቀና ስትል እሱም ቀና ብሎ ነበር። ዓይናቸውን ቶሎ መለሱ። መስመሯ አሁንም ትመጣለች፣ ትሄዳለች።

«ሃያ!» አለ ነጋዴው። «እህስ?»

ድገመው የጠመኔዋን መስመር በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «አርባ አምስት» አለ።

«እኔም አርባ አምስት» አለች።

እሱም ቁጥሩን ያመነው እሷ ስትለው ነው።

አክስሉን ገዝተው ቀጥሎ ጎማ መረጡ። እሷ ትልቁን ወደደችው፤ ለመኪናዋ ግርማ ይሰጣታል አለች። እሱ ራሱን ነቀነቀ። «ትልቅ ጎማ እርምጃው ረጅም ነው። በጥርሱ ያዘገየነውን በጎማው መልሰን እናፈጥነዋለን።» ትንሹን ወሰዱ። መሬቱን በደንብ ይቆንጥጥ ብሎ የጎማ ጥርሱ ጎላ ያለውን መረጠላት።

መኪናዋ እየዳነች በሄደች ቁጥር የእሱ እጅ ሰነፈ። ፍሬኑን ሠርቶ አፈረሰው፤ እንደገና ሠራው። ምሳ ሲበላ ቁልቁለቱን ብቻዋን ስትወርድ ትታየዋለች፣ ጉርሻው ይደርቅበታል። እሷም ከማይክሮስኮፑ ቀና እያለች ያን አርባ አምስት ታስባለች። አንድ ነገር ልትነግረው ትመጣለች፤ ሲያያት አሠራሩን በኩራት ያሳያታል፤ ሳትናገር ትመለሳለች።

እናትየው ይህን ሁሉ ከመስኮት ያያሉ። አንድ ቀን ወጡና ከፊቱ ቆሙ።

«ዓይንህ ልጄን ሲከተል አይቻለሁ።»

«እማማ…»

«ዝም በል። ልትጠይቀኝ የምትፈልገው ነገር አለ። አስቀድመህ ይህችን ዕቃ ቁልቁለቱን አውርዳት። እኔም ከኋላ እቀመጣለሁ።»

ልጅቱ ደነገጠች። «እማዬ! አንቺ እኮ ወደ መኪናዋ ዞረሽ እንኳ አታይም!»

«አንቺ ከገባሽባት እኔ ውጭ ምን እሠራለሁ?»

ሦስቱ ጠዋት ተነሡ። እሱ መሪውን ያዘ፣ እሷ ከጎኑ፣ እናትየው ከኋላ መቀመጫ መሐል፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው። ሜዳው ላይ መኪናዋ ያለ ድምፅ ተንሸራተተች።

«ጸጥ ያለች ናት» አሉ እናትየው፣ ሳይወዱ በግድ።

ድገመው ግን ጸጥታውን አልወደደውም። አክስሉ ዝግተኛው ቢሆን በዚህ ፍጥነት ሞተሩ መጮኽ ነበረበት።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ እግሩን ከነዳጁ አነሣ። መኪናዋ መያዝ ሲገባት ተፈተለከች። ሞተሩ ያንጎራጉራል እንጂ አይጎትትም። ፍሬን ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ረገጠ። የመጀመሪያው ኩርባ አለፈ። በሁለተኛው ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ይህን ሽታ እናትየው አያውቁትም፤ ባላቸው ግን አንድ ቀን ነግረዋቸው ነበር። ቦርሳቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ስንት ቆጠርሽ?» አለ ድገመው። አንቺ ብሏት አያውቅም ነበር።

«ምን?»

«ያን ዕለት! እውነቱን!»

ከግራዋ ያለው ገደል ከመንገዱ ጋር አብሮ ይታጠፋል። «አልቆጠርኩም» አለች። «ጠፋብኝ። አንተ አርባ አምስት ስትል…»

«እኔም ጠፍቶብኝ ነበር።»

«ምኑ ነው የጠፋው?» አሉ እናትየው ከኋላ።

የፍሬኑ ፔዳል ከእግሩ ሥር እየላላ ነው። ሞተሩን አጓርቶ አንደኛ ማርሽ ፈለገ፤ ጥርሶቹ ተንጫጩ፣ አልገባም። እንደገና ሞከረ። «የእጅ ፍሬኑን ያዢ!» አለ፤ ማርሹ ገባ። መኪናዋ ሰውነቷ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫዋን ደፋች። የእጅ ፍሬኑን እሷ በሁለት እጇ ሳበች። እሱ መሪውን ወደ ተራራው በኩል መለሰው፤ ጎማዎቹ ከመንገዱ ዳር የተከመረውን ጠጠር ቆነጠጡ፣ ዐፈሩን እየፋቁ ሄዱ፣ ቆሙ።

ከፊት ጎማው ጢስ ይወጣል።

ወርደው ከዐፈሩ ክምር ላይ ተቀመጡ። ድገመው ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ከማፈር መሞት ይሻላል ብዬ ልገድልሽ ነበር» አለ። «ስታዪኝ ቁጥሩ ከራሴ በነነ። ድገሙት ማለት አንድ ቃል ነው። እሱ አቃተኝ።»

«እኔንም አቃተኝ። በቀን ስንት ሺህ ቆጥሬ ውልፍት የማልል ሴት…»

«በየቀኑ ስፈራ ነው የከረምኩት። መኪናዋን ጨርሼ ሳስረክብሽ ከዚያ በኋላ የምመጣበት ምክንያት አይኖርም ብዬም እፈራ ነበር።»

እጁን ያዘች።

«እኔ አልሰማሁም፣ ቀጥሉ» አሉ እናትየው ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው። ከዚያ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «ወንድሜና አባትሽ ያን ቀን ሽታው ሁለቱንም ሸቷቸው ነበር። ማን ፈሪ ይባል? ዝም ተባብለው ወረዱ። እናንተ ደግሞ ጅሎች ናችሁ፤ ግን ተናገራችሁ።» ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ያኛውን አክስል የት ነው ያያችሁት? አሁን የምቆጥረው እኔ ነኝ።»

ነጋዴው ዘንድ እናትየው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጮክ ብለው ቆጠሩ።

«እማማ፣ ጎረቤት ሰማ እኮ!» አለ ነጋዴው።

«ይስማ! ሃያ ሦስት! አታናግረኝ!»

አርባ አምስት ላይ አቆሙ። ከዚያም ሁሉንም አስደግመው እንደገና ቆጠሩ። ሁለቱ ወጣቶች ቆመው ሳይተያዩ ጠበቁ፤ እንዲተያዩ የተፈቀደላቸው ሲያልቅ ነው።

በዚያው ዓመት በክረምት ማብቂያ ተጋቡ። ዝግተኛው አክስል የገባላት መኪና ሜዳ ላይ ትጮኻለች፤ አባትየው «ትራክተሯ መጣች» እያሉ በር ይከፍታሉ። ልጃቸው በየቀኑ ቁልቁለቱን ትወርዳለች፣ ትወጣለች። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር የሚፋቀው ሸራ በዓመቱ ተፈትቶ ሲለካ የተበላው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ የሚይዛት ሞተሩ ነው።